ዘፈኑ የት ገባ? ስለ ዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞች አንድ ጥያቄ

የሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ የዚህ መድረክ አባላት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ምናልባት ለብዙዎቻችሁ እንግዳ የሚሆን ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲሆን ሥራዬ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። በሳምንት አራት ሌሊት ዕድሜያቸው 90 ከተጠጋ አንድ አዛውንት ቤት አድራለሁ። እኚህ ሰው ያደጉት በካንሳስ ገጠር ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸውም የሚያዩት አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው። ባለ ትልቅ ባርኔጣ ጋላቢ ወንበዴዎችን ሲያሳድድ ይቆይና፣ ገና ምንም ነገር ሳይፈታ ከፈረሱ ወርዶ፣ አጥር ላይ ተደግፎ፣ ጊታሩን አንሥቶ ይዘፍናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ማሳደዱ ካቆመበት ይቀጥላል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ በቪዲዮ ቤት የማውቀው ካውቦይ ፂሙን ያልተላጨ፣ ሲጋራውን ነክሶ የሚያጉረመርም፣ ከንግግር ይልቅ ጥይት የሚቀናው ሰው ነበር። ይህኛው ግን ሸሚዙ በጥልፍ ያጌጠ፣ ፊቱ የታጠበ፣ ከተደባደበ በኋላ እንኳ ባርኔጣው የማይወልቅ ሰው ነው። ይባስ ብሎ በአንዱ ፊልም ውስጥ ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ አውቶሞቢል፣ ሬዲዮና አውሮፕላን አንድ ላይ አየሁና የትኛው ዘመን እንደሆነ ጠፋኝ።

ይሁን እንጂ አዛውንቱ ሲያዩ የሚሆኑትን ሳስተውል ሳቄን ተውኩት። የራሳቸውን የልጅ ልጆች ስም የሚረሱ ሰው የዘፈኖቹን ግጥም አንድ ቃል ሳይስቱ አብረው ያንጎራጉራሉ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጂን ኦትሪ የተባለው ዘፋኝ ካውቦይ ያለበትን አንድ ፊልም ስናይ እጃቸውን አንሥተው «አሁን ይዘፍናል» አሉኝ። ዘፈን ግን አልመጣም፤ ሰውዬው እሳት ዳር እንደተቀመጠ ትዕይንቱ ተቋርጦ ወደ ፈረስ ሩጫ ገባ። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው «ዘፈኑ የት ገባ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሌላ ፊልም ጋር አምታተውት ይሆናል ብዬ በሌሊቱ የሥራ መዝገብ ላይ «ዛሬ ትንሽ ተደናግረዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ጥያቄዎቼ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ካውቦይን ማን ነው ዘፋኝ ያደረገው? ዘመኑስ ለምን እንዲህ ተደበላለቀ? ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ታሪኩ ገና ሲጀምር መጨረሻው የሚታወቅ ፊልም አንድን ሰው እስከ ዕድሜው ማብቂያ የሚይዘው በምኑ ነው?

ባለ ፕሮጀክተሩ

ከአዛውንቱ ጉዳይ ልጀምር፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል። እንደሚመስለኝ የተደናገሩት እሳቸው አይደሉም። እነዚህ ፊልሞች ለሲኒማ ቤት ሲሠሩ ብዙዎቹ ከአንድ ሰዓት ያልፉ ነበር፤ 70 ደቂቃ የሚደርሱም አሉ። በ1950ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለቴሌቪዥን ሲሸጡ ግን ከማስታወቂያ ጋር አንድ ሰዓት እንዲሞሉ ወደ 53 ወይም 54 ደቂቃ አጠሩ። እስቲ መቀስ በያዘው ሰው ቦታ ሆነው ያስቡት። ድብድቡን ቢያነሣ ልጆቹ ይቆጣሉ፤ የወንበዴውን ሴራ ቢያነሣ ታሪኩ ይፈርሳል፤ ዘፈኑን ቢያነሣ ግን ከሴራው የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ዘፈኑ ነበር። እነዚያ አጫጭር ቅጂዎች ናቸው ከቴሌቪዥን ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ርካሽ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲም ወደ ኢንተርኔት እየተገለበጡ እስከ ዛሬ የሚዞሩት። አዛውንቱ በልጅነታቸው ያዩት ሙሉውን ፊልም ከሆነ፣ የእርስዎ ዲቪዲ ያጣውን እሳቸው ይዘውታል ማለት ነው።

ወደ አመጣጡ ልለፍ። ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር የዌስተርን (የካውቦይ ፊልም) ሠሪዎች ተጨንቀው ነበር፤ የዚያን ጊዜው ማይክሮፎን ደካማ በመሆኑ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሜዳ ላይ የፈረስ ኮቴና የሰው ንግግር አብሮ መቅዳት አስቸጋሪ ነበር። በዚህ መካከል ኬን ሜይናርድ የተባለው የፈረስ ትርዒት ጀግና በ1929 በአንድ ፊልሙ ውስጥ ራሱ ዘፈነ፤ የዘፋኝ ካውቦይ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከእሱ ነው። በ1933 ደግሞ ገና ዝነኛ ያልሆነው ጆን ዌይን ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ እንዲጫወት ተደርጓል፤ ድምፁ የእሱ አልነበረም፣ ሌላ ሰው ነው የዘፈነለት። ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ፊቱ ላይ የሚታየው እፍረት በራሱ ለመዝናኛ ይበቃል። ነገሩ እንዳልሆነለት ማንም ያያል።

የሆነለት ሰው ጂን ኦትሪ ነው። በ1907 በቴክሳስ ተወልዶ በኦክላሆማ የባቡር ጣቢያዎች የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ1931 ስለ ሽበታም አባት የሚናገር አንድ ዘፈን አስቀርጾ ስሙ ወጣ፤ ከዚያ በቺካጎ ሬዲዮ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ታወቀ። ሜይናርድ መሪ ተዋናይ በሆነበት የ1934 ፊልም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብሎ ሲዘፍን ተመልካቹ ከዋናው ተዋናይ ይልቅ እሱን ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት 12 ክፍል ባለው «ዘ ፋንተም ኢምፓየር» በሚባል ተከታታይ ፊልም ውስጥ መሪ ተዋናይ ሆነ። ይህን ሳያዩ ከዚህ ዓለም እንዳይለዩ እላለሁ፤ ከእርሻው በታች በጥልቅ ምድር ውስጥ ሮቦቶች ያሉት መንግሥት ይገኛል፤ ኦትሪ ግን በየቀኑ ከዚያ ጉድጓድ አምልጦ በሰዓቱ ለሬዲዮ ፕሮግራሙ መዝፈን አለበት፤ አለዚያ ውሉ ይፈርስበታል! ልጅ ሆኖ ላየው ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል?

ዘመኑ ለምን ተደበላለቀ ላሉት ደግሞ፣ በስህተት እንዳልሆነ መረዳት ይገባል። ኦትሪ በአብዛኞቹ ፊልሞቹ የሚጫወተው «ጂን ኦትሪ» የተባለ የሬዲዮ ዘፋኝ ሆኖ ነው፤ ስሙም፣ ሥራውም፣ ዘመኑም የራሱ ነው። ስለዚህ በ1937 በወጣው አንድ ፊልም ከብት ሌቦቹ በአውሮፕላን እየቃኙ፣ ሥጋውን በማቀዝቀዣ መኪና እያጓጓዙ ይሰርቃሉ፤ ጀግናው ደግሞ በፈረስ ይከተላቸዋል። ይህ ለከተማ ሃያሲ የሚያስቅ ነበር። ለገጠሩ ተመልካች ግን የራሱ ኑሮ ነው፤ ግቢው ውስጥ ፈረስ፣ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ፣ የጎረቤቱ ደጃፍ ላይ አሮጌ ፎርድ መኪና ቆሟል።

ጊዜውንም አይርሱ፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ጀምረው ነበር፤ ለዚያ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ተቀርጸው የሚያልቁ ርካሽ ፊልሞች ያስፈልጋሉ። በ1935 ኸርበርት የትስ የተባለው የፊልም ማጠቢያ ቤት ባለቤት ትንንሾቹን ኩባንያዎች ጠቅልሎ ሪፐብሊክ ፒክቸርስን አቋቋመ፤ ኦትሪም የዚህ ቤት ዋና ገበያ ሆነ። የፊልሞቹ ክፉ ሰው ብዙ ጊዜ የከተማ ልብስ የለበሰ ባንከኛ፣ የውኃ መብት የሚነጥቅ ኩባንያ፣ መሬቱ ነዳጅ ዘይት እንዳለው ደብቆ ከገበሬው በርካሽ የሚገዛ ደላላ ነው። ኦትሪ በ1938 በክፍያ፣ እንዲሁም ስቱዲዮው የእሱን ፊልም ለሚፈልጉ ሲኒማ ቤቶች ሌሎቹን ፊልሞቹን አብሮ በግድ በመሸጡ ተጣልቶ ሥራ ሲያቆም፣ በቦታው ሌናርድ ስላይ የተባለ ወጣት ገባና ሮይ ሮጀርስ የሚል ስም ተሰጠው። የሮጀርስ የመጀመሪያ የመሪነት ፊልም ታሪክ ምን ይመስልዎታል? አቧራ ማዕበል እርሻቸውን የቀበረባቸውን ሰዎች ወክሎ፣ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ካውቦይ ነው። አቧራውን የሚያነሣው ዘፈን ለኦስካር ታጭቷል። እንግዲህ ካንሳስ የዚያ አቧራ አገር ናት፤ አዛውንቱ ሕፃን ሆነው በእናታቸው እቅፍ ሳይተነፍሱት አልቀሩም።

ስለ ቅጂው፦ ኦትሪ በኋላ ሀብታም ሲሆን የፊልሞቹን መብት በእጁ አስገብቷል፤ ከእሱ ማኅደር ሙሉ ርዝመታቸው የተመለሰላቸው ፊልሞች በዲቪዲ ወጥተዋል። ሲገዙ በሽፋኑ ላይ የደቂቃውን ቁጥር ይመልከቱ፤ 53 ወይም 54 ከሆነ ይተዉት።

ታዛቢ ከሚኒሶታ

የባለ ፕሮጀክተሩ ገለጻ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ናፍቆቱ ዓይናችንን እንዳይጋርደው አንድ ነገር ልጨምር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቴክሳስ እስከ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች መንጋ ይነዱ የነበሩት እውነተኞቹ ካውቦዮች የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ደሞዛቸው ትንሽ፣ ልብሳቸው በላብና በአቧራ የደረቀ ነበር። ከአራቱ አንዱ ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ፤ ሜክሲኳውያኑም ብዙ ነበሩ፤ ገመድ አወራወሩም፣ ኮርቻውም፣ ከሥራው ቃላት ብዙዎቹም ከእነሱ የተወሰዱ ናቸው። በሪፐብሊክ ፊልሞች ውስጥ ግን ሁሉም ነጭ ነው፤ ጥቁር ከታየ ምግብ አብሳይ ወይም የሚሳቅበት አሽከር ሆኖ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ሕንዶቹማ በነገሩ ውስጥ ያሉት እንደ መልክዓ ምድሩ አካል ነው። እኔ ይህን ሳስብ «ንጹሕ ዘመን» የሚለው የአድናቂዎቹ ቃል ይጎረብጠኛል።

ሆኖም ከዚሁ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ታሪክ አለ። ኸርብ ጄፍሪስ የተባለ የጃዝ ዘፋኝ ከ1937 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ሙሉ በሙሉ በጥቁር ተዋንያን በተሠሩ የዘፋኝ ካውቦይ ፊልሞች መሪ ተዋናይ ሆኗል፤ የመጀመሪያው «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» ይባላል፤ ከኋለኞቹ አንዱ ያወጣለት «ብሮንዝ ባካሩ» (ነሐሳዊው ካውቦይ) የሚል ቅጽል ስም ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ተከትሎታል። ፊልሞቹ በዘር ተለይተው በተከለሉት የጥቁሮች ሲኒማ ቤቶች ይታዩ ነበር። ጄፍሪስ ራሱ ሲናገር እንደነበረው፣ ሐሳቡ የመጣለት አንድ ጥቁር ልጅ ሲያለቅስ አይቶ ነው፤ ጓደኞቹ በካውቦይ ጨዋታ ላይ የፊልሙን ጀግና መሆን አትችልም፣ እሱ ጥቁር አይደለም ብለውት ነበር። ጄፍሪስ በኋላ ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር ዘፍኖ ዝነኛ ሆነ፤ ያረፈው በ2014 ነው።

ሴቶችንም በሚመለከት፣ ዶሮቲ ፔጅ የተባለች የሬዲዮ ዘፋኝ በ1939 በሦስት ፊልሞች መሪ ዘፋኝ ካውገርል ሆና ነበር። ገበያው አልተቀበላትምና ሦስቱ ላይ ቆመ።

ስለዚህ ጠያቂው «ምኑ ነው የሚይዘው» ሲሉ፣ መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም ባይ ነኝ። በአንዱ ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ልጅ ራሱን ያያል፤ በሌላው የተቀመጠው ደግሞ ራሱን የሚያይበት ፊልም በጄፍሪስ እስኪሠራለት ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ሁለቱም ግን የፈለጉት ያንኑ ሰው መሆኑ ይገርመኛል፤ ባለ ጊታሩን።

ባለ ክራር

እኔ ስለ ፊልም ብዙ አላውቅም፤ ሙዚቃ ግን ሥራዬ ነውና በዚያ በኩል ልግባ። ሁላችሁም ዘፈኑን ከታሪኩ ውጭ የተለጠፈ ጌጥ አድርጋችሁ የተናገራችሁ ይመስለኛል፤ ባለ ፕሮጀክተሩ እንኳ «ቢነሣ ከሴራው የሚጎድል ነገር የለም» ብለዋል። ከሴራው አይጎድል ይሆናል። ከካውቦዩ ግን ይጎድላል።

እውነተኞቹ ከብት ነጂዎች ይዘፍኑ የነበሩት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሌሊት መንጋው ሜዳ ላይ ሲተኛ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ አቅጣጫ በፈረስ እየዞሩ ይጠብቁታል። መብረቅ፣ የቅርንጫፍ መሰበር፣ የአንድ ዕቃ መውደቅ በሺህ የሚቆጠረውን መንጋ አስደንብሮ ሊያስሮጥ፣ ፊቱ ያገኘውንም ሰው ሊረጋግጥ ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው ከብቱ በጨለማ መኖሩን እንዲያውቅና በድንገት እንዳይደነብር፣ በፈረሱ የእርምጃ ልክ ዝግ ያለ ዜማ ያለማቋረጥ ያሰማ ነበር። መዝሙርም ይሁን ስድብ፣ ግጥሙ ለከብቱ ለውጥ አልነበረውም፤ ዋናው የድምፁ እርጋታ ነው። ጆን ሎማክስ የተባለው ሰብሳቢ በ1910 ያሳተመው የካውቦይ ዘፈኖች መጽሐፍ ከእነዚህ ብዙዎቹን ከመጥፋት አድኗል። እኛም ብንሆን ለዚህ ባዕድ አይደለንም፤ በእርሻና በውቂያ ጊዜ በሬውን እየጠራ፣ እያወደሰ የሚያዜም ገበሬ ያየ ሰው፣ ከብት ዜማ እንደሚገባው ማስረጃ አይጠይቅም።

የሆሊውዱ ዘፈን ከዚህ የተለየ መሆኑ እርግጥ ነው። ግሩሞቹን ዜማዎች የጻፈው ቦብ ኖላን የተወለደው ካናዳ ውስጥ ነው፤ በወጣትነቱ የአሪዞናን በረሃ አይቶ ልቡ እዚያ ቀረ፤ ነፋስ ስለሚያንከባልለው ደረቅ ቁጥቋጦ የሚናገረውን ዝነኛ ዘፈኑን ሲጽፍ ግን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጎልፍ ሜዳ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ኖላን፣ ቲም ስፔንሰርና የኋላው ሮይ ሮጀርስ ሆነው የመሠረቱት «ሰንስ ኦፍ ዘ ፓዮኒርስ» የተባለው ቡድን በሦስት ድምፅ ተስማምቶ ሲዘፍን፣ ድምፆቹ እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ከዚህ ላይ የፋር ወንድማማቾች ቫዮሊንና ጊታር ሲጨመር ከከብት ጠባቂ ዜማ ይልቅ ወደ ጃዝ ይጠጋል። ያም ሆኖ ግን ኖላን የእርጋታውን ምሥጢር አልለቀቀም። ስለ ቀዝቃዛ ውኃ በጻፈው ዘፈን አንድ የተጠማ ሰው በበረሃ መካከል በቅሎውን ያናግራል፣ ያባብላል፤ ፊት ለፊት የሚታየው ውኃ የዓይን ማታለያ መሆኑን ይነግረዋል። ዜማው የሚሄደው በበቅሎ እርምጃ ነው።

ኦትሪ ደግሞ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው አልነበረም፤ ድካሙ ይመስላል እንጂ ጥንካሬው ይኸው ነው። አዳራሽ የሚያናውጥ ድምፅ ለሰሚው «አንተ እንደዚህ አትችልም» ይለዋል። ኦትሪ ግን ማይክሮፎኑ አጠገብ ሆኖ፣ በጎረቤት ቤት በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚዘፍነው። ሲርስ የተባለው ትልቅ መደብር በስሙ የተሠራ ርካሽ ጊታር በፖስታ ካታሎግ ሲሸጥ፣ የገጠር ልጆች በዚያ ጊታር መማራቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ዘፈኖቹ በሦስት ኮርድ የሚያዙ ናቸው። እሱ ራሱ ይዞት የነበረው ግን በ1933 በማርቲን ኩባንያ ለእሱ በትእዛዝ የተሠራ፣ ስሙ በሚያብረቀርቅ ዛጎል የተጻፈበት፣ ዛሬ ጊታር ሰብሳቢዎች በምኞት የሚያዩት ዓይነት ነበር። ድህነቱን የሚያውቅ ሰው ጌጥ ሲወድ አልፈርድበትም።

እንግዲህ ጠያቂው ከሁሉ በፊት የሳቁበት ነገር፣ ሰውዬው ማሳደዱን አቁሞ መዝፈኑ፣ ለእኔ የፊልሞቹ ልብ ነው። ሌላው ጀግና ጠንካራነቱን የሚያሳየው በመተኮስ ነው፤ ይህኛው የተደናገጠውን ሁሉ፣ ከብቱንም፣ ልጁንም፣ በንዴት የተሰበሰበውንም ገበሬ፣ በድምፁ ያረጋጋል። በሌሊት ጥበቃ ላይ ያለ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። የእርስዎን የመድረክ ስም ሳነብ ይህ መጣብኝ።

ከዳላስ

ሁሉም ስለ ኦትሪ ሲያወራ ሮይ ሮጀርስ እንደ ምትክ ሠራተኛ ብቻ መጠቀሱ አስቆጨኝ፤ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ነው የምጽፈው።

ኦትሪ በ1942 የአየር ኃይል አባል ሆኖ ሲሄድ (በኋላም በእስያ ግንባር የጭነት አውሮፕላን አብርሯል)፣ ሪፐብሊክ ሮጀርስን «የካውቦዮች ንጉሥ» ብሎ ሰየመው። በገበያ ደረጃ ከዌስተርን ተዋንያን አንደኛ የነበረው እስከ 1942 ኦትሪ ሲሆን፣ ከ1943 እስከ 1954 ድረስ ሮጀርስ ነው። ከመምሰልም በላይ ጥሩ ፈረሰኛ ነበር፤ ፈረሱ ትሪገር ደግሞ በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ስሙ እንደ ተዋናይ ይጻፍ ነበር። ልጆቹ ጀግናው ሴት ሲስም ማየት አይወዱም ስለተባለ፣ ፈረሱን ይስማል እየተባለ ይቀለድበታል። ሚስቱም የፊልም አጋሩም የነበረችው ዴል ኢቫንስ የጻፈችውን የስንብት ዘፈን ያልሰማ የዚያ ትውልድ አሜሪካዊ ያለ አይመስለኝም።

ሮጀርስም ቢሆን ፊልሞቹ ለቴሌቪዥን እንዳይሸጡ በ1951 ስቱዲዮውን ከሶ ነበር። መጀመሪያ ረታ፤ በ1954 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለስቱዲዮው ፈረደ። በዚያው ዓመት የሌላው ዘፋኝ ካውቦይ፣ የሬክስ አለን፣ የመጨረሻ የሪፐብሊክ ፊልም ወጥቶ ዘመኑ አከተመ። የተቆራረጡት ቅጂዎች በየቤቱ የገቡት ከዚህ ፍልሚያ በኋላ መሆኑን ለጠያቂው ማከል ፈለግሁ።

ትሪገር በ1965 ሲሞት ቆዳው ታሽቶ በፊት እግሮቹ ተነሥቶ እንደቆመ ተሠርቶ በቤተ መዘክር ተቀመጠ። ቤተ መዘክሩ ጎብኚ ጠፍቶ ሲዘጋ፣ በ2010 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ በ266,500 ዶላር ተሸጧል። የገዛው አንድ የገጠር ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ማዘን ይሁን መሳቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር።

የሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሌሊት ከመምጣቴ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

ቤት ያለውን ዲቪዲ ሽፋኑን ገልብጬ አየሁት፤ 54 ደቂቃ ይላል። አሥር ፊልም በአንድ ሣጥን በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ዓይነት ነው። ለልጃቸው ደውዬ የተባለውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሙሉውን ቅጂ አዝዛ በአምስት ቀን ደረሰ።

ትናንት ሌሊት በ8 ሰዓት ላይ ነቁና ከፈትኩላቸው። ያ ትዕይንት ሲደርስ እኔ ከእሳቸው በላይ ተጨንቄ ነበር፤ ባይኖርስ? ሰውዬው እሳቱ ዳር ተቀመጠ፣ እንጨት ጨመረ፣ አስቂኙ ወፍራም ባልንጀራው አኮርዲዮኑን አነሣ፣ ዘፈኑም መጣ። አዛውንቱ ወደ እኔ አልዞሩም፤ «ይኸው» እንኳ አላሉኝም። ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረማ። ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ዘፈኑ። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ወረደ፤ ሦስተኛው ከመድረሱ በፊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፊልሙ ሊያልቅ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ወንበዴዎቹም አልተያዙም። ድምፁን ቀነስኩት እንጂ አላጠፋሁትም።

ባለ ክራር ስለ ሌሊት ጠባቂው ያሉትን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። የሥራ መዝገቡን አውጥቼ ያለፈውን ሳምንት ገጽ ገለጥኩ። የተጻፈውን መሰረዝ አይፈቀድልንም፤ ስለዚህ ከሥሩ ቀኑን ጽፌ «የዚህ ቀን ማስታወሻ ስህተት ነው፤ ዘፈኑ ከፊልሙ ተቆርጦ ነበር» ብዬ ፈረምኩበት። ጠዋት የተረከበችኝ ባልደረባዬ አንብባ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አውቶቡሴ ሊያመልጠኝ ስለነበር ይህን ውይይት በስልኳ ላኩላት።